የእንሴኖ በርበሬና የዐረፋ ቀን፦ የሪሰርች ጥያቄ ከየት ይመጣል?



የሴሚስተሩ ማብቂያ ሲቃረብ ወደ ጀመዓችን የትምህርት ክፍል በብዛት የሚመጣው መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ «በዚህ ርዕስ የተሠራ ሪሰርች ካላችሁ ላኩልን።» የሚልክም አይጠፋም። ካቻምና የተመረቀ ተማሪ ፋይል በቴሌግራም ሲዞር ይከርማል። የቀበሌው ስም ይቀየራል፣ የመጠይቁ ቁጥር ይቀየራል፣ መደምደሚያው ግን እንዳለ ይቀራል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቶ ይህንኑ ትንሽ ድካም እንኳ አስቀርቶታል። አምስት ሰው ስሙን ያሰፈረበትን የቡድን አሳይመንት አንዱ ብቻ ሠርቶት አራቱ የሚያነቡት ፕሬዘንቴሽን ቀን ጠዋት ነው።

ስለ ኩረጃና ስለ አማና እዚህ አንሰብክም፤ ሑክሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልናነሳ የፈለግነው ከዚያ ቀደም ብሎ ያለውን ነገር ነው። በብዛት የሚኮረጁት ርዕሶች ከመጀመሪያውም ለኩረጃ የተመቹ ሆነው የተመረጡ ናቸው። ተማሪው ሰነፍ ባይሆን እንኳ ርዕሱ ራሱ ማሰብን አይጠይቀውም።

ከመካከላችን የቡታጅራ፣ የእንሴኖና የቆሼ ልጆች አሉ፤ ምሳሌውን ከዚያው እንውሰድ። «የእንሴኖ ገበያ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ያለው ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ የያዘ ተማሪ ገና ከዶርም ሳይወጣ መልሱን ያውቀዋል። ገበያው የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ የገቢ ምንጭ ነው፤ ገበሬውን ከነጋዴው ያገናኛል። ችግሮቹ የመንገድ፣ የመጋዘንና የደላላ ናቸው። የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ። አለቀ። «እንሴኖ» የሚለውን አውጥተን «ወልቂጤ» ብንተካበት አንድም ዐረፍተ ነገር አይበላሽም። በነገራችን ላይ ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የቦታውን ስም ቀይረን ጽሑፋችን ምንም ካልሆነ ስለዚያ ቦታ አንዳች ነገር አልተናገርንም ማለት ነው።

የትምህርት ፋኩልቲ ልጆች የብሉምን ደረጃዎች ተምረዋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጡትን አንደርሰንና ክራትዎል በ2001 እ.ኤ.አ. አሻሽለው ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መመዘን፣ መፍጠር ብለው አስቀምጠውታል። (የሚያስቀው ነገር ፈተና ላይ የሚመጣው «ስድስቱን ደረጃዎች ዘርዝር» ተብሎ ነው፤ ይህም ከስድስቱ የመጀመሪያውን ብቻ የሚፈትን ጥያቄ ነው።) «ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። ወደ መተንተንና ወደ መመዘን የሚወስደን ቢያንስ ሁለት መልስ ሊኖረው የሚችል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ግን ሄደን ሳናይ የማናውቀው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በ1986 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1978 እና በ1979 ዓ.ም. መካከል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ አንድ ጥናት ጀመረ። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ በዚህ አካባቢ ስንት ሕፃን ይሞታል? የሚገድለውስ ምንድን ነው? ችግሩ መልሱ የተጻፈበት መዝገብ አለመኖሩ ነበር። ልደትም ሞትም በቤት ነው፤ የሚመዘግብ የለም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሕሙማንን ካርድ መቁጠርም አይበቃም፤ ጤና ጣቢያ ያልደረሰው ሟች ካርድ ላይ የለምና።

እናም ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመርጦ ቤት ለቤት ተቆጠረ። በመጀመሪያው ቆጠራ 28 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎች በየወሩ እየተመለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር። ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ ስለ ሟቹ የመጨረሻ ቀናት ይጠየቃል፤ ሳል ነበረው? ትኩሳትስ? ተቅማጥስ? ከመልሱ የሞቱ መንስኤ ይገመታል። ደስታ ሻመቦ፣ የማነ ብርሃኔና መስጋናው ፋንታሁንን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዶክትሬት ሥራቸውን የጻፉት ከዚህ መዝገብ ተነስተው ነው። የቡታጅራ ስም በዓለም የጤና መጽሔቶች ላይ የታወቀውም በዚሁ ነው። ከዚያው አገር የመጣን ልጆች ግን ስለዚህ ጥናት በአንድ አሳይመንት እንኳ ስንጠቅስ አይታይም፤ ይህ ይቆጨናል።

ከዚህ መዝገብ ከወጡት ጥናቶች አንዱ በቀጥታ እኛን ይነካል። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስለ ጫት ነው። 10,468 አዋቂዎች በየቤታቸው ተጠየቁ፤ ከነዚህ 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ። 55.7 በመቶው በሕይወቱ ጫት ቀምሶ ያውቃል፤ ግማሹ በዚያን ጊዜም ይቅም ነበር። ለምን ትቅማላችሁ ሲባሉ ደግሞ ከቃሚዎቹ 80 በመቶው «ለዱዓና ለሶላት ሐሳብ ለመሰብሰብ» የሚል ይዘት ያለው ምክንያት ሰጡ።

ይህን ቁጥር ያገኘ ተማሪ ብዙ ጊዜ «በቡታጅራ ሰው ጫት የሚቅመው በሃይማኖት ምክንያት ነው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። በምንጭ የተደገፈ ስለሆነ ነጥብም ያገኝበታል። እኛ ግን እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በመጀመሪያ፣ 80 በመቶ የተባለው ከቃሚዎቹ ነው፤ ከሕዝቡ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምክንያትና ሰው የሚናገረው ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማያውቀው ሰው ወረቀት ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ «ለምን ትቅማለህ?» ሲለው፣ አንድ አባወራ ካሉት ምክንያቶች ሁሉ በአካባቢው የሚከበረውን ቢያስቀድም አይገርምም። «ሥራ ስለሌለኝ» ከማለት «ለዱዓ» ማለት ይቀላል። ፈተና ሲደርስ እዚሁ ግቢያችን አጠገብ የሚቅመው ተማሪም «ለጥናት፣ ሐሳቤን ለመሰብሰብ» ይላል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚጠራው ነገር ተለያየ። ታዲያ ጫቱን የሚያስቅመው ሶላቱ ነው ወይስ ጥናቱ? ወይስ ሁለቱም በየቦታቸው የተከበሩ ስሞች ሆነው ነው? ይህ በራሱ አንድ ሪሰርች ይወጣዋል።

ሦስተኛ፣ ስሌቱን እንሥራው። በወቅቱ ይቅሙ ከነበሩት ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ናቸው። ከ10,468 ሰው ግማሹ 5,234 ነው፤ የዚያ 17.4 በመቶ 911 ገደማ ይሆናል። ከመቶ አዋቂ ዘጠኝ እንደማለት ነው። «ከሕዝቡ ግማሹ ይቅማል» የሚለውና «ከመቶው ዘጠኙ በየቀኑ ይቅማል» የሚለው ከአንድ ጥናት የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንባቢው አእምሮ የሚሥሉት ሥዕል ግን የተለያየ ነው። የትኛውን እንደምንጠቅስና ለምን እንደምንጠቅስ ካላሰብንበት ቁጥሩ እኛን ይመራናል። በመጨረሻም ጥናቱ ከታተመ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የዛሬውን ቡታጅራ ለመግለጽ «ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ «ነበር» እንጂ። የጫት ሸሪዓዊ ብይን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። የቁጥሩ ንባብ ግን የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እንሴኖ እንመለስና ያንን የገበያ ርዕስ እንደገና እንሥራው።

የማረቆ በርበሬ አገር ያወቀው ነው። በርበሬ ዝናቡ ሲይዝ ይተከላል፤ የሚሰበሰበው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። እንደ ማንኛውም ሰብል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲያወጣው ይረክሳል። አንዱ ገበሬ በርበሬው ከስጥ እንደተነሳ ይሸጠዋል። ጎረቤቱ ግን በጆንያ ቋጥሮ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ለምን? እነሆ ጥያቄ። ይህን ከዶርም ሆኖ የሚመልስ ሰው የለም፤ ቻትጂፒቲም አያውቀውም።

መላምት ማቅረብ ግን እንችላለን። ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ለማዳበሪያና ለዘር የተበደረ ሰው አይጠብቅም። ማከማቻ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ የሚያፈስ ሰው ሻጋታ ይፈራል። እንዲህ ያለውን ሁሉም ያስበዋል። ከመካከላችን አንዲት እህት በውይይት ላይ ያነሳችው ግን ሁላችንንም ቀጥ አደረገን፦ «ዐረፋስ?»

በጉራጌ ሙስሊሞች ዘንድ ዐረፋ የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መስቀል እንደሆነው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሌላም ከተማ ያለው ቤተሰብ ወደ አገር ቤት ይገባል፣ በሬ ይታረዳል፣ ልብስ ይገዛል። ወጪ ነው። መስቀል ሁልጊዜ መስከረም 17 ነው፤ በርበሬው ሳይደርስ ይመጣል። ዐረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። በ2000 ዓ.ም. የዋለው በታኅሣሥ ነበር፤ በርበሬው ገበያውን ባጥለቀለቀበት ወር። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዋለ፤ ለቀማው ገና ሲጀመር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በግንቦት ማለቂያ ላይ ዋለ፤ በርበሬውን ያቆየ ሰው ዋጋው ተወዶ በሚያገኝበት ሰሞን። የበዓል ወጪ ገበሬውን በርካሽ የሚያሸጠው ከሆነ፣ የሙስሊሙ ገበሬ የሽያጭ ጊዜ በነዚህ ዓመታት መለያየት አለበት፤ የክርስቲያን ጎረቤቱ ግን አይለያይም። ላብራቶሪ የለንም፤ ጨረቃ ግን በነፃ የምትሠራልን ሙከራ ይኸውና።

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ስለዚህም ልንጠራጠረው ይገባል። ሐሳባችን የሚፈርስበትን መንገድ ራሳችን መፈለግ አለብን፤ ከፍ ያለ ማሰብ የሚባለው ይህ ነው። እስኪ እናፍርሰው።

በዓል ገንዘብ ያስወጣል ብለናል። ግን ከአዲስ አበባ የሚገባው ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ለአባቱ ብር ይሰጣል፣ በሬውንም እሱ ይገዛል። እንግዲያውስ ዐረፋ በመኸር ሲውል ገበሬው በርበሬውን እንዳይሸጥ ፋታ ይሰጠው ይሆናል! ያው በዓል፣ ተቃራኒ ውጤት። እንዲያውም ከተማ ልጅ ያለውና የሌለው ገበሬ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን ስለ በዓል መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤተሰብ ይሆናል።

ሌላም አለ። የ2000 ዓ.ም. ሽያጩን በትክክል የሚያስታውስ ገበሬ ስንት ይገኛል? ዋጋውን ቢያስታውስ እንኳ የያኔው ብርና የዛሬው ብር አይወዳደርም። ስለዚህ በብር መጠየቁን ትተን «ከአሥር ጆንያ ስንቱን እስከ ጥር ሸጠህ?» ማለት ይሻላል፤ ያውም ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ብቻ። ያኔ የጨረቃዋ ሙከራ ትጠባለች፤ ምክንያቱም በሦስት ዓመት ውስጥ ዐረፋ የሚሸሸው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ያለን ምርጫ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶችን በአንድ ዓመት ውስጥ ማወዳደር ይሆናል። እዚያም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የአንዱ መሬት ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ከሆነ የምንለካው ሃይማኖትን ሳይሆን መሬትን ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ፣ መሬታቸው የሚቀራረብ ሰዎችን መምረጥ ግድ ነው።

ሦስተኛውን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ይህ አካባቢ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ያየ፣ ሰው የሞተበትና የተፈናቀለበት ነው። ነገ ቤቴን ጥዬ እሄድ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው በርበሬ አያከማችም፤ ያገኘውን ይዞ ይሸጣል። ይህ ከበዓሉም ከዕዳውም የበለጠ ሊያስረዳ ይችላል። ግን እንዴት ይጠየቃል? መጠይቅ ላይ «ብሔር» የሚል ባዶ ቦታ አስቀምጦ እየዞሩ ማስሞላት ጥያቄ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም አደጋ ላይ ይጥላል፤ የሚገኘውም መልስ የፍርሃት መልስ ነው። «ያለፈው ዓመት በርበሬ ስታስቀምጥ ያሰጋህ ነገር ነበር?» ብሎ መጠየቅና ሰውየው የፈለገውን ያህል እንዲናገር መተው ይሻላል። ባይናገርም መብቱ ነው። ተማሪ ሆነን ሄደን ለአንድ ገጽ አሳይመንት ብለን የሰው ቁስል መንካት የለብንም። ይህን መመዘን ራሱ የሪሰርቹ አካል ነው፤ የቅጹ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ «ኤቲክስ» የሚል አንቀጽ ብቻ አይደለም።

ልብ በሉ፦ ገና አንድም ሰው አልጠየቅንም። ሆኖም በዚህ ሁሉ ውስጥ ተንትነናል፣ መዝነናል፣ አዲስ ነገርም ፈጥረናል። «ጠቀሜታ» ከሚለው ርዕስ ጋር ሲነጻጸር የወሰደብን ተጨማሪ ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ክርክር ነው።

ስለ ምንጭ ጥቂት እንበል፤ እዚህ ላይ ሙስሊም ተማሪ ሰበብ የለውም። ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳም በመስጂድም የሰማነው የሐዲስ ትምህርት መሠረቱ «ማን ከማን ሰማ?» የሚል ነው። ኢማም ቡኻሪ ሁለት ራዊዎች በአንድ ዘመን መኖራቸው ብቻ አልበቃቸውም፤ በእርግጥ መገናኘታቸው እንዲረጋገጥ ይፈልጉ ነበር። እኛ ደግሞ ያላነበብነውን መጽሐፍ፣ ሌላ ሰው ጠቅሶ ያየነውን፣ እኛው እንዳነበብነው አድርገን እንጠቅሳለን። ሰነዱ መሐል ላይ የተቆረጠ ነው። (በአማርኛ «ሰነድ» የጽሑፍ ማስረጃ፣ በሐዲስ ትምህርት ደግሞ የአስተላላፊዎች ሰንሰለት መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው።) ቻትጂፒቲ የሚሰጠን ምንጭማ አንዳንዴ ጭራሽ የሌለ ነው። ያልተጻፈ ጽሑፍ ላልተወለደ ደራሲ ይሰጣል፤ ገጹንና ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር አሳምሮ ያቀርባል። ራዊው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሐዲስ የማይቀበል ሰው፣ ያልከፈተውን ምንጭ በሪሰርቹ መጨረሻ ሲደረድር ሊያፍር ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከፍተን ያላየነውን አንጥቀስ፤ ሌላ ሰው ጠቅሶ ያየነውን «እገሌ እንደጠቀሰው» እንበል። የምንጩ ዝርዝር ከሃያ ወደ ሰባት ቢወርድ አድቫይዘራችን ቢቆጣ እንኳ ማስረዳት እንችላለን።

ቻትጂፒቲን ጨርሶ አትንኩ አንልም። ለምሳሌ ከላይ ያለውን የዐረፋ መላምት ሰጥቶ «የት ላይ ይፈርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዳንዴ ያላሰብነውን ያነሳል። መልሱን ጻፍልኝ ማለትና ሐሳቤን ተከራከረኝ ማለት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የትምህርት ክፍላችን ከእንግዲህ የተሠራ ሪሰርች አይልክም። በዚህ ሴሚስተር ፕሮፖዛል የምትጽፉ እህቶችና ወንድሞች ሦስት ነገር በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፦ ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሊኖሩት የሚችሉትን ሁለት መልሶች፣ እና ምን ብታገኙ የራሳችሁን ግምት እንደምትተዉ። ሦስተኛው ይከብዳችኋል፤ ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ከእናንተ ጋር ተቀምጠው ጥያቄውን ለማፍረስ ይሞክራሉ። ካልፈረሰ ይዛችሁት ሂዱ። ኢንጂነሪንግና ላብራቶሪ ያላችሁም ኑ፤ «የፀሐይ ኃይል ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ከእናንተም ዘንድ አልጠፋም።

የበርበሬውና የዐረፋው ጥያቄ ባለቤት የለውም፤ የፈለገ ይውሰደው። ለእረፍት ወደ እንሴኖ የምትገቡ ልጆች ግን በገበያ ቀን ገበያ መሐል ቆማችሁ አትጠይቁ። በርበሬ ተሸክሞ የመጣ ሰው ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነው፤ እናንተንም የነጋዴ ሰላይ ሊያደርጋችሁ ይችላል። በማግስቱ ቤቱ ሂዱ፤ ሰላምታውን አታሳጥሩ፣ ቡና ሲፈላ ጠብቁ፣ ከአባትየው በፊትም እናትየዋን ጠይቁ። ጆንያው ስንት እንደነበርና መቼ እንደወጣ የምታስታውሰው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።